የቤቱ ታሪክ በመጀመሪያው ባለቤት አያበቃም፦ የአዲስ አበባ ነባር የቤተሰብ ቤቶችን ስለ መሰነድ

መግቢያ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ያሳለፈችውን ዘመን የሚመሰክሩት ቤተ መንግሥቶቿና አብያተ ክርስቲያናቷ ብቻ አይደሉም። በአራዳ፣ በጉለሌ፣ በደጃች ውቤ ሰፈር፣ በሠራተኛ ሰፈርና በሌሎችም ቀደምት ሰፈሮች ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከጽድ እንጨት ተሠርተው ሦስትና አራት ትውልድ ያስተናገዱ የቤተሰብ ቤቶች የዚሁ ታሪክ ምስክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ይገኛል። ቀደም ሲል በልደታ፣ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ፣ ቀጥሎም በካሳንችስ የተካሄዱት የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሥራዎች የሰፈሮቹን መልክ በአጭር ጊዜ ለውጠዋል። ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ አንድም የልኬት ንድፍ፣ አንድም የተሟላ የፎቶግራፍ ስብስብ፣ አንድም በወጉ የተቀዳ ቃለ ምልልስ አልተረፈላቸውም።

የትኛው ቤት ይቁም፣ የትኛው ይነሣ የሚለው ክርክር የራሱ መድረክና የራሱ ተከራካሪዎች አሉት። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ከዚያ ቀድሞ መመለስ በሚገባው ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ቤቱ ቢቆምም ቢፈርስም ስለ ቤቱ የምናውቀው ነገር የት ይኖራል? የሚል ነው። ጸሐፊው ሦስት ነጥቦችን ይሞግታል። አንደኛ፣ አንድ ነባር ቤት ሊሰነድ የሚገባው ታዋቂ ሰው ስለኖረበት ብቻ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ስነዳው ቤቱን ወደ ተሠራበት ዘመን መልሶ በወረቀት ላይ «ማደስ» ሳይሆን እስከ መጨረሻው ነዋሪ ድረስ ያለውን ለውጥ ሁሉ መመዝገብ አለበት። ሦስተኛ፣ ይህን ሥራ በአነስተኛ ወጪ ሊያከናውን የሚችለው አካል ዩኒቨርሲቲው፣ በተለይም የድኅረ ምረቃ ክፍሉ ነው።

ነባር የቤተሰብ ቤት ምን ይመስላል?

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ያደገችው በሰፈር ነው። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየኮረብታው ሲሰፍሩ ተከታዮቻቸው፣ ባለሟሎቻቸውና አገልጋዮቻቸው በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሱ። የራስ መኮንን፣ የራስ ሙሉጌታ፣ የደጃች ውቤ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚህ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የከተማዋን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በተዘጋጀው ጉባኤ ላይ ያቀረቡት የቀደምት ሰፈሮች ጥናት ይህን አካሄድ በሚገባ አሳይቷል።

የመጀመሪያዎቹ መኖሪያዎች ክብና ሣር ክዳን ነበሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ ሀብት፣ ነጋዴና ባለሙያ ወደ ከተማዋ ሲጎርፍ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ የአሠራሩ ሁኔታ ተለወጠ። ቆርቆሮ፣ መስተዋት፣ ምስማርና ማጠፊያ እንደ ልብ መገኘት ጀመሩ። ሕንዳውያንና አርመናውያን ግንበኞችና አናጢዎች ከአገሬው ባለሙያ ጋር ተቀናጅተው አዲስ ዓይነት ቤት አበጁ። ምድር ቤቱ በጥርብ ወይም በዱር ድንጋይና በጭቃ ይገነባል፤ ደርቡ ክብደቱ እንዲቀልል በቋሚና በማገር ተዋቅሮ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። ዙሪያውን ወይም ፊት ለፊቱን በረንዳ ይከበዋል፤ የበረንዳው መከለያ በተቀረጸ እንጨት፣ የጣሪያው ክፈፍ ጥልፍ በሚመስል ጣውላ ያጌጣል። መሰላሉ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በኩል ወደ በረንዳው ይወጣል። ከውስጥ በወራጁ ሥር አቡጀዲ ተወጥሮ እንደ ኮርኒስ ያገለግላል።

የውጭ ባለሙያ እጅ ቢኖርበትም ቤቱ የሚያድረው ለአገሬው ኑሮ ነበር። እልፍኙ፣ አዳራሹ፣ ጓዳውና ማድቤቱ የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው። ግብር የሚበላበት አዳራሽ ከቤተሰቡ መኝታ ይለያል፤ ጠጅ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱና የፈረሱ ጋጣ በግቢው ዳርቻ ይደረደራሉ። ስለዚህ «ቤት» ስንል አንድ ሕንፃ ማለታችን አይደለም። ቤቱ ግቢው ነው፤ ግቢው ደግሞ በውስጡ የነበሩትን ሰዎች ደረጃ፣ ሥራና ዝምድና በግድግዳና በበር የሚያሳይ ካርታ ነው። ዋናውን ሕንፃ ብቻ ለክቶ ማድቤቱንና የአገልጋዮቹን ቤት የተወ ተመራማሪ ቤቱን አልለካውም።

መዝገቡ የሚያየውና የማያየው

በዚህ ዘርፍ መሠረት አልተጣለም ማለት አይቻልም። ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓኦሎ ኪያሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ታሪካዊ መመሪያ፣ እንዲሁም አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያለውን የከተማዋን የሕንፃ ቅርስ የሚመለከት መጽሐፍ ለማንኛውም ተመራማሪ መነሻ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን የመለየትና የመመዝገብ ሥራ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል።

ይሁንና በተግባር አንድ ቤት ወደ ቅርስ ዝርዝር የሚገባው በአብዛኛው በባለቤቱ ስም ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፤ የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት በአራዳ የመጀመሪያው ማዘጋጃ ቤት በመሆኑ ይታወሳል፤ የሼክ ሆጀሌ ቤትም ስሙ ከሥራው ጋር ተያይዞ ይጠራል። እነዚህ መታወሳቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድ ጸሐፊ፣ የአንዲት ጠላ ነጋዴ፣ የአንድ አናጢ ወይም የአንድ የአርመን ልብስ ሰፊ ቤት በስም ስለማይታወቅ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልገባ አይጠናም፤ ስላልተጠና ደግሞ «ታሪክ የለውም» ይባላል። በዚህ አዙሪት ውስጥ የሚጠፋው የከተማዋ አብዛኛው ሕዝብ የኖረበት የአኗኗር ዘይቤ ነው።

የሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። የስድስት ኪሎው ዋና ግቢ ራሱ መኖሪያ ቤት ነበር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤት ሆኗል፤ ጎብኚው ዛሬም የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ያያል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዚያ ቤት ወጥ ቤት የት ነበር? ውኃው በማን ይቀዳ ነበር? አልጋውን የሚያነጥፉት ሰዎች በየትኛው በር ይገቡ ነበር? በጥንቃቄ የተጠበቀው ቤት እንኳ ግማሽ ታሪኩን ብቻ የሚናገር ከሆነ ማንም ያልጠበቀው ቤት ምን ያህሉን ሊነግረን ይችላል?

የንብርብር ጉዳይ

የቆየ ቤት ያጋጠመው የሥነ ሕንፃ ተማሪ የመጀመሪያ ፍላጎቱ «ዋናውን» ቅርጽ መፈለግ ነው። በቺፕውድ የተከፈለውን አዳራሽ በዓይነ ሕሊናው ያፈርሳል፤ በብሎኬት የታሸገውን በረንዳ ይከፍታል፤ የተቀጠለውን ወጥ ቤት ከንድፉ ይሰርዛል። በመጨረሻ የሚያቀርበው ንድፍ ጥርት ያለና የሚያምር ይሆናል፤ ሆኖም ያ ንድፍ ዛሬ ያለውን ቤት አያሳይም፤ ምናልባትም በዚያ መልክ የነበረ ቤት ጭራሽ አልነበረ ይሆናል። ይህ ልማድ መታረም አለበት።

የአዲስ አበባ ነባር ቤት ቢያንስ ሦስት ንብርብሮች አሉት። የመጀመሪያው የመሥራቾቹ ነው። ሁለተኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የፋሺስት ወረራ የተወው ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ጭፍጨፋ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ቤቶች በገፍ ተቃጥለዋል፤ ከዚያ በፊት ተሠርቶ ዛሬ የቆመ የጭቃ ቤት ሁሉ ከእሳት የተረፈ ምስክር ነው ማለት ይቻላል። ከተቃጠሉት ያመለጡትም ቢሆኑ ወራሪው ለቢሮ፣ ለመኖሪያና ለሱቅ ሲወስዳቸው የወለል ንጣፍ፣ የመጸዳጃና የመስኮት ለውጥ አስተናግደዋል። የወራሪው አሻራ ስለሆነ እንዳልነበረ ሊቆጠር አይችልም። በዚሁ በስድስት ኪሎ ግቢ ፋሺስቶች ለሥልጣን ዘመናቸው መታሰቢያ ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ አልፈረሰም፤ ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አንዱ ንብርብር ሌላውን ሳያጠፋ ትርጉሙን ሊለውጠው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

ሦስተኛው ንብርብር በምርምር ረገድ እጅግ የተዘነጋው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የብዙ ግቢዎችን ታሪክ ለሁለት ከፈለው። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ ሲቀር ትርፍ የተባለው ተወረሰ፤ የወር ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነው በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ በኪራይ ቤቶች ሥር ገባ። ቀድሞ ግብር ይበላበት የነበረ አዳራሽ ለሦስት አባወራ ተሸነሸነ፤ የፈረሱ ጋጣ መኖሪያ ሆነ፤ በረንዳው ወጥ ቤት ሆነ። በአንድ ደጃፍ ላይ የተደረደሩ የመብራት ቆጣሪዎችን የቆጠረ ሰው የግቢውን የኋላ ታሪክ ማንበብ ጀምሯል።

ለቀድሞው ባለቤት ቤተሰብ ይህ ዘመን የመነጠቅ ዘመን ነው፤ ቁስሉም ዛሬ ድረስ አልሻረም። ለተከራዩ ግን ያ ክፍል ልጆቹን የወለደበት፣ ለቅሶ የተቀመጠበት፣ ዕድሩንና ማኅበሩን ያስተናገደበት ቤቱ ነው። ከአዋጁ ወዲህ ያለው ጊዜ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይሆናል፤ በብዙ ግቢዎች ተከራዮቹ የኖሩበት ዘመን የመጀመሪያው ባለቤት ከኖረበት ይበልጣል። እንግዲህ «የቤተሰብ ቤት» ስንል የማንኛውን ቤተሰብ ማለታችን ነው? የጸሐፊው መልስ የሁሉንም የሚል ነው። ተመራማሪ የባለቤትነት ክርክርን አይዳኝም፤ በመለኪያውና በመቅረጫው ግን ለአንደኛው ወገን ብቻ ማድላት የለበትም። የቺፕውዱ ግድግዳ ከተቀረጸው የበረንዳ እንጨት እኩል በንድፉ ላይ መስፈር አለበት።

ቤቱን እንደ ሰነድ ማንበብ

ቤት ሰነድ ነው የሚለው አባባል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ጥቂት ምሳሌዎች ይበቃሉ።

የአቡጀዲውን ወይም የቺፕውዱን ኮርኒስ ከፍቶ ወራጆቹን የተመለከተ ሰው ጥላሸት ካገኘ ኮርኒሱ ከመሠራቱ በፊት በዚያ ክፍል እሳት ይነድ እንደነበር ይረዳል፤ ዛሬ ሳሎን የተባለው ክፍል ቀድሞ ሌላ አገልግሎት ነበረው ማለት ነው። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ቀኑ ከተነበበ በላዩ ያለው ቀለምና ወረቀት ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ በሲሚንቶ የተደፈነ በር የመተላለፊያው አቅጣጫ መለወጡን፣ ምናልባትም ሁለት ቤተሰብ መለያየቱን ያመለክታል። የግድግዳ ውፍረት በድንገት ሲቀንስ ሕንፃው እዚያ ላይ እንደተቀጠለ ይጠረጠራል። እነዚህ ሁሉ በዓይን ብቻ ሲታዩ ያልፋሉ፤ በልኬት ግን ይያዛሉ።

ለልኬቱ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ሜትር፣ ቱምቢ፣ ውኃ ልክ፣ ወረቀትና ካሜራ ይበቃል። የጭቃ ቤት ማዕዘን ቀጥ ያለ ስለማይሆን እያንዳንዱ ክፍል በአራት ጎኑ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ አግድሞሽ መስመሮቹ ጭምር መለካት አለበት፤ አለዚያ ንድፉ ያልነበረ ቀጥታ ይፈጥራል። የወለሉ፣ የአራቱም ፊትና ቢያንስ የሁለት ቁርጦች ንድፍ በ1፡50፣ እንደ በረንዳ መከለያና እንደ ክፈፍ ያለው ዝርዝር ሥራ በ1፡10 ቢነሣ ለአብዛኛው ጥናት በቂ ነው። ከልኬቱ ጋር የግቢው አጥር፣ ጉድጓዱ፣ ዛፎቹና የጎረቤት በሮች መመዝገብ ይኖርባቸዋል።

ከሕንፃው ሌላ ወረቀትም አለ። የቦታ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የኑዛዜና የውርስ ጽሑፍ፣ የኪራይ ደብተር፣ በሠርግና በክርስትና የተነሡ ፎቶግራፎች በሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ። የሠርግ ፎቶግራፍ በተለይ ለሥነ ሕንፃ ተመራማሪ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሙሽሮቹ ፊት ለፊት ሲቆሙ ከኋላቸው ዛሬ የሌለው በረንዳ፣ ዛሬ የተደፈነው መስኮት ሳይታሰብ ተቀርጾ ይገኛልና።

ሌላው ከቤቱ ጋር አብሮ የሚጠፋው ሀብት ቃላቱ ነው። ቋሚ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ዋልታ፣ ወራጅ፣ ምርግ፣ መቃን፣ ጉበን የሚሉት ስሞች በብሎኬትና በፌሮ ቤት ውስጥ ሥራ የላቸውም። ዛሬ በሕይወት ያሉ አዛውንት ጭቃ መራጊዎችና አናጢዎች ጭድ ከጭቃ ጋር ስንት ቀን ተረግጦ እንደሚሰነብት፣ ጽድ በየትኛው ወቅት ቢቆረጥ እንደማይነቅዝ ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ከባለሙያው አፍ ያልሰበሰበ ስነዳ ግድግዳውን እንጂ አሠራሩን አልያዘም።

ልኬትና ቃል

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የቤት ስነዳ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንዱ የሌላው መፈተኛ ነውና። አንድ አዛውንት «ቤቱ የተሠራው በአባ ዳኘው ዘመን ነው» ቢሉና የግድግዳው ድንጋይ በሲሚንቶ የተያያዘ ሆኖ ቢገኝ ተመራማሪው አዛውንቱን ሐሰተኛ ሊያደርግ አይገባም። ምናልባት ግቢው የዚያን ዘመን፣ ሕንፃው ግን የኋላ ይሆናል፤ ምናልባትም ቤተሰቡ በትዝታው የሚያከብረው አባት ያንን ዘመን ስለኖረ ነው። ልዩነቱ ራሱ መረጃ ስለሆነ ሁለቱም ቃል በቃል ተመዝግበው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይገባል።

በቃለ ምልልስ ረገድ ትልቁ ፈተና ማን ይጠየቃል የሚለው ነው። የቤተሰቡ ታላቅ ልጅ ሁልጊዜ ይጠየቃል። እንግዳ ተቀባይዋ እመቤት አልፎ አልፎ ትጠየቃለች። በማድቤቱ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሠራተኛ፣ ዘበኛው፣ በጓሮ ቤት ያደጉት ልጆችና ተከራዮቹ ግን አይጠየቁም። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ከመከልከሉ በፊት የብዙ ባለጸጎች ቤት በባሪያ ጉልበት ይተዳደር ነበር፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ በዚያው ግቢ በአገልጋይነት ቀርተዋል። ይህ ለቤተሰቡም ለመጠየቅም የሚከብድ ታሪክ ነው። ቢሆንም ስለ ጠጅ ቤቱ ስፋት በዝርዝር ጽፎ ጠጁን ማን ይጥል እንደነበር ያለፈ ጥናት ጎደሎ ነው።

ከዚህ ጋር የሥነ ምግባር ግዴታ ይመጣል። የሰው ቤት የሰው ገመና ነው። ንድፍ የመኝታ ቤቱን በር ያሳያል፤ ኑዛዜ የልጆችን ክርክር ያወጣል፤ ያልተቋጨ የባለቤትነት ሙግት ባለበት ግቢ ደግሞ የተመራማሪው ወረቀት ነገ በፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ የስምምነት ጽሑፍ ከመለኪያው መቅደም አለበት፤ ስም የሚሸሸግበት፣ የተወሰነ ክፍል ለተወሰኑ ዓመታት የሚታሸግበት ሥርዓትም ሊኖር ይገባል። የሥራው ውጤት አንድ ቅጅ ሳይጠየቅ ለቤቱ ሰዎች መሰጠት ይኖርበታል። በርካታ ቤተሰቦች ፎቶግራፋቸውን ለተመራማሪ አውሰው ሳይመለስላቸው የቀረበት ልማድ የሚቀጥለውን ተማሪ በር ይዘጋበታል።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ እነዚህ ቤቶች ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸው የጋራ፣ ለነዋሪው መከራ የሆኑ ናቸው፤ ስለ ውበታቸው የሚያወራው በውስጣቸው የማይኖር ሰው ነው የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ዝቅ ብሎ በመቆየቱ አከራዩ ለማደስ ገንዘብ፣ ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን ለማፍሰስ ምክንያት አልነበራቸውም። ነገር ግን ይህ እውነት ለስነዳው ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል። የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የጋራ መጸዳጃው፣ አንድ ክፍል ውስጥ የተኙት ሰዎች ቁጥር በንድፉ ላይ ካልሰፈሩ ሰዎች እንዴት ይኖሩ እንደነበር ነገ የሚያምን አይገኝም። ትዝታን የሚያሳምር ጥናት የምንፈልግ ከሆነ ንብርብሩን እንሰርዛለን፤ እውነቱን የምንፈልግ ከሆነ እንለካዋለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቅርስ ተቆርቋሪዎች ወገን የሚመጣ ነው፤ ስነዳ ለማፍረስ ፈቃድ መስጫ ይሆናል፣ «ንድፉ ተነሥቷልና ይፍረስ» ይባላል ይላሉ። ይህ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ነው። ስነዳ የጥበቃ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ የወረቀት በረንዳ ላይ ማንም ቡና አያፈላም። ሆኖም ሰነድ የሌለው ቤት ጠበቃም የለውም። ዕድሜው፣ አሠራሩና የኖሩበት ሰዎች ታሪክ ካልተጻፈ ስለ ቤቱ የሚቀርበው ማንኛውም አቤቱታ ከስሜት አያልፍም። በተጨማሪም ቤቱ ቢቆምና ሊጠገን ቢታሰብ ያለ ልኬት ንድፍ የሚደረግ ጥገና ግምት ነው። አደጋውን ለመቀነስ ግን ጥናቱ የሚጀመርበት ጊዜ ወሳኝ ነው። የማንሻ ማስታወቂያ ከተለጠፈ በኋላ በጥድፊያ የሚነሣ ንድፍ በእርግጥም የቀብር ሥርዓት ይመስላል። ስነዳው ቤቱ ገና ሰው ሳለበት፣ ማንም ስለ ማፍረስ ባላሰበበት ጊዜ መካሄድ አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ በስልክ ካሜራና በሌዘር መቃኛ ሁሉም በአንድ ቀን ሊያልቅ ሲችል በሜትር መልፋት ምን ይጠቅማል የሚል ነው። አዲሱ መሣሪያ መልካም ነው፤ ባለበት ሁሉ ሊሠራበት ይገባል። ነገር ግን መቃኛው ከፊቱ ያለውን ገጽ ያነሣል እንጂ ጥላሸቱ ከኮርኒሱ በላይ መኖሩን አይጠይቅም፤ የተደፈነውን በር ማን እንደደፈነውም አይነግርም። ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ፣ እያንዳንዱን ክፍል ሦስቴ እየገባ የለካ ተማሪ ከነዋሪው ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ ያገኛል፤ የተሻለው ቃለ ምልልስም ብዙውን ጊዜ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ከሚረዳ የቤቱ ሰው ጋር የሚደረገው ነው።

ምን ይደረግ?

በ1933 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ሳለች ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን በማሰማራት ታሪካዊ ሕንፃዎችን የመለካትና የመመዝገብ ፕሮግራም ተጀመረ። ፕሮግራሙ ዛሬም አለ፤ ንድፎቹም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ማንም ሊያያቸው ይችላል። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ሥራው የተጀመረው ገንዘብ በተረፈበት ሳይሆን በታጣበት ጊዜ መሆኑ ነው። የተለኩትም የታላላቅ ሰዎች ቤቶች ብቻ አልነበሩም፤ ጎተራውም፣ ድልድዩም፣ የገበሬው ጎጆም ተለክቷል።

በዚህ መነሻ ጸሐፊው አራት ሐሳቦችን ያቀርባል።

አንደኛ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪና የታሪክ ወይም የማኅበረሰብ ጥናት ተማሪ በጥምረት አንድ ግቢ በአንድ ወሰነ ትምህርት እንዲሰንዱ ይደረግ። አንዱ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ወይ ሰው የሌለበት ቤት፣ ወይ ቤት የሌለው ሰው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሥራው በአንድ ወጥ ቅጽ ይመራ። እያንዳንዱ መመረቂያ ጽሑፍ የየራሱን ሚዛንና ምልክት ከተጠቀመ መቶ ቤት ቢለካ እንኳ እርስ በርሱ ሊነጻጸር አይችልም። ቅጹ የንድፉን ልክ፣ የንብርብሮቹን መለያ ቀለም፣ የቃለ ምልልሱን ዝርዝርና የስምምነቱን ጽሑፍ መያዝ አለበት።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሰነድ በሦስት ቅጅ ይቀመጥ፤ አንዱ ለቤቱ ሰዎች፣ አንዱ ለከተማው አስተዳደር፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት። አሁን ባለው ልማድ የተማሪ የመስክ ማስታወሻ፣ የመጀመሪያ ንድፍና የድምፅ ቅጂ ከተመረቀ በኋላ ከራሱ ጋር ይሄዳል፤ በቤተ መጻሕፍቱ የሚቀረው የተጠረዘው ጽሑፍ ብቻ ነው። የመስክ ማስታወሻ ማስረከብ የመመረቂያ መስፈርት ሊሆን ይገባል።

አራተኛ፣ ምርጫው ከስም ይልቅ ከስጋትና ከዓይነት ይነሣ። የትኛው ዓይነት ቤት እስካሁን አልተለካም? የትኛው ሰፈር በቅርቡ ሊለወጥ ይችላል? የሚሉት ጥያቄዎች የትኛው ራስ ወይም ደጃዝማች ኖሮበታል? ከሚለው ይቅደሙ።

ማጠቃለያ

አዲስ አበባ የመለወጥ መብት አላት፤ ነዋሪዎቿም የማያፈስ ጣሪያ ይገባቸዋል። የከተማ ታሪክ ግን በጥቂት ታላላቅ ሕንፃዎች ብቻ ሲተረክ ልጆቻችን የሚወርሱት የገዥዎችን አድራሻ ዝርዝር ነው። የአንድ ግቢ ሙሉ ስነዳ ግን ግንበኛውን ከእመቤቲቱ፣ ማድቤቱን ከእልፍኙ፣ የተወረሰበትን ከተከራየው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኛል፤ ምናልባትም በሕይወት ሳሉ በአንድ ማዕድ ያልቀረቡ ሰዎች አብረው የሚገኙበት ብቸኛ ቦታ ይሆናል።

ይህን ለማድረግ ልዩ በጀት፣ ልዩ አዋጅ ወይም የውጭ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም። ዘንድሮ የመመረቂያ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ ከሚኖርበት ሰፈር ብዙ ሳይርቅ አንድ ያልተለካ ግቢ ያገኛል። የቤቱ አዛውንት በሕይወት አሉ፤ ግድግዳውም ገና ቆሟል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜ ግን አጭር ነው።